የሞላ በሬ፦ የጌም ምርጫ በምን ይከብዳል?

መንገድ ዳር ለማኝ ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ ሦስት ነገር ይመጣል፦ «ሳንቲም ስጠው»፣ «ዝም ብለህ እለፍ»፣ «ያለችውን ቀማው»። ተጫዋቹ ሁለት ሰከንድ ሳይፈጅበት አንዱን ነክቶ ያልፋል። ኪሱ ውስጥ የሚሠራበት ያጣ አራት ሺህ ሳንቲም ስላለው መስጠቱ ምንም አያጎድልበትም። መቀማቱም የሚጨምርለት የለም፤ የሚቀማው አስቀድሞ «ክፉ ሆኜ ልጫወት» ያለ ሰው ብቻ ነው። ሠሪው ለዚህች ትዕይንት ፊት ሥሏል፣ ድምፅ አስቀርጿል፣ ኮድ ጽፏል። ተጫዋቹ ግን ምንም አልመረጠም።

ከዚህ የተሻለ ነገር ከጥንቱም ነበር። የሪቻርድ ጋሪየት «አልቲማ 4» እ.ኤ.አ. በ1985 ሲወጣ መጨረሻ ላይ የሚገደል ዋና ጠላት አልነበረውም፤ ተጫዋቹ ስምንት የምግባር ዓይነቶችን በሥራው እያሳየ ነበር የሚሄደው። ከጌሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የዓይነ ስውር ነጋዴዎቹ ነገር ነው። የአስማት ቅመም ይሸጣሉ፣ ሒሳቡን ይናገራሉ፤ ስንት እንደሚከፈል የሚጽፈው ግን ራሱ ተጫዋቹ ነው። አሳንሶ ቢከፍል የሚያይ የለም፤ የሚጮህ ደወል፣ የሚበራ ቀይ መብራት የለም። ጌሙ ግን ይመዘግባል፤ የሐቀኝነት ነገር በሚፈተንበት ጊዜ የጎደለችው ሳንቲም ትወጣለች።

እዚያ ትዕይንት ውስጥ «አሁን የሥነ ምግባር ምርጫ ፊትህ ቀርቧል» የሚል ማስታወቂያ የለም። ዕቃ መግዛት ተጫዋቹ ያለዚያም የሚያደርገው ሥራ ነው፤ ሳንቲሙም ያስፈልገዋል። ምርጫ የሚከብደው ተጫዋቹ በየደቂቃው በሚቆጥረው ሒሳብ ውስጥ ሲገባ ነው። በንግግር ሳጥን ብቻ የመጣ ምርጫ፣ ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የለማኙ ዓይነት ሆኖ ይቀራል።

እንዴት እንደሚገባ ለማየት አንድ ትንሽ የስልክ ጌም ከባዶ እንሥራ።

ቦታው የለጋምቦ ደጋ ነው፤ ወሩ ሰኔ፣ በልግ የቀረበት ዓመት። ለደቡብ ወሎ ሰው ይህ ብቻ ይበቃዋል። ለሌላው፦ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው ዝናብ ቀርቷል፣ የበልጉ ገብስ አልተሰበሰበም፣ ጎተራው ውስጥ ያለው እስከ ኅዳር መድረስ አለበት ማለት ነው። ቤቱ የይመር ነው፤ ከነልጆቹ አምስት ነፍስ።

መጀመሪያ ሒሳቡ

በአገራችን የእርዳታ ስፍር ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይታሰባል። አምስት ሰው በወር 75 ኪሎ፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ለ5 ወር 375 ኪሎ ያስፈልገዋል። (ጳጉሜን እንተዋት፤ ጌም ነው።) ይመር ያለው 150 ኪሎ የሚበላ እህልና ለሁለት ጥማድ የሚሆን 60 ኪሎ የዘር ገብስ ነው። አንድ በሬም አለው፤ አንድ ብቻ። ጎረቤቱ ሞላም አንድ አለው። ሁለቱ በሬያቸውን እያቀናጁ ተራ በተራ ያርሳሉ።

በጌሙ ገበያ የይመር በሬ በሰኔ ቢሸጥ 200 ኪሎ እህል ይገዛል፤ በሐምሌ ግን 90 ኪሎ ብቻ። ይህ ዝም ብሎ የተፈጠረ ቁጥር መምሰል የለበትም። በችግር ዓመት ሁሉም ከብቱን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚነዳ የከብት ዋጋ ይወድቃል። የ1965 እና 66ቱን የወሎ ረሃብ ያጠናው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ጎላ አድርጎ ያሳየው ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው፦ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል ሳይንር ገበሬው መግዣ አጥቶ ነው የተራበው፤ እህልም ከወሎ ወደ ውጭ እየተጫነ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ተጫዋቹ ወደ አቀስታ ገበያ በሄደ ቁጥር የከብት ተራው ሲሞላና ዋጋው ሲወርድ ማየት አለበት። ዋጋውን በሐምሌ ድንገት ብንጥልበት አታለላችሁኝ ይለናል፤ እውነቱንም ነው።

አሁን መንገዶቹን እንደምር። በሬውን በሰኔ ቢሸጥና ዘሩንም ቢበላው 150 እና 60 እና 200፣ ድምሩ 410 ኪሎ ይሆናል። ቤተሰቡ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሙሉ ስፍሩን ይበላል፤ 35 ኪሎም ይተርፋል። ማሳው ግን ጦሙን አደረ፤ ኅዳር ባዶ ነው። ሞላም በአንድ በሬ አያርስም።

መጀመሪያ ቢዘራና በሬውን በሐምሌ ቢሸጥ ዘሩ መሬት ገብቷል። የሚበላው 150 እና 90፣ በጠቅላላው 240 ኪሎ ነው፤ በወር 48። ከሙሉ ስፍሩ ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ኅዳር ላይ ግን በሁለቱም ቤት አዝመራ አለ።

በሬውን ጨርሶ ባይሸጥ 150ው ኪሎ ለ5 ወር ይከፈላል፤ ለአንድ ሰው በቀን 200 ግራም። ለከርሞ የሚያርስ በሬ ይኖራል። የሚያርስ ሰው መኖሩን እንጃ።

የመጀመሪያውን መንገድ ልብ በሉት። ይመር የራሱን በሬ ሸጠ፤ አልሰረቀም፣ አልዋሸም፣ ልጆቹንም አበላ። ሕግ ቢጠየቅ ምንም አይለውም። የሞላ ማሳ ግን በዚያው ቀን አብሮ ተሸጧል። «ሞላን ጉዳው» የሚል ቁልፍ ስክሪኑ ላይ የለም፤ ያለው «በሬውን ሽጥ» የሚል ነው። ተጫዋቹ የሞላን ነገር ራሱ ማስታወስ አለበት፤ እንዲያስታውስም ከዚያ በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከሞላ ጋር አብሮ ማረስ አለበት፤ በቃል የተነገረውን ሳይሆን በእጁ የሠራውን ነው የሚያስታውሰው።

አንድ ደንብ እንጨምር፦ የወሩ ስፍር ከ50 ኪሎ ካነሰ ትንሿ ልጅ ትታመማለች። ሁለተኛው መንገድ 48 ነው። የሚጎድለው በወር 2 ኪሎ፣ በ5 ወር 10 ኪሎ። ይህ 10 ኪሎ የጌሙ እምብርት ነው፤ ልኩ ላይ ብዙ መድከም ያስፈልጋል። ጉድለቱ 100 ቢሆን ተጫዋቹ ተስፋ ቆርጦ በሬውን በሰኔ ይሸጣል። ምንም ባይጎድል ሳያስብ ይዘራል። ጥቂት ሲጎድል ግን ዙሪያውን ማየት ይጀምራል፦ ከማን ልበደር? የእትዬ ዘሀራ ጎተራ ስንት ይኖረው ይሆን?

ይህን ጊዜ ለሕፃናት ፋፋ ይታደላል፤ አንዴ ብቻ፣ ለአንድ ሕፃን 5 ኪሎ። የይመር ቤት አንድ ሕፃን ነው ያለው። መዝገቡ ግን በስሕተት «2» ይላል። አዳዩ 10 ኪሎ ሰፍሮ ይሰጠዋል። ዝም ካለ ጉድለቱ ልክ ይሞላል፤ ካረመ 5 ኪሎ ይጎድላል። ከረጢቶቹ የመጡት በቁጥር ስለሆነ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ለእትዬ ዘሀራ የልጅ ልጅ ይጠፋል። እስከ መጨረሻው የቆየ ተጫዋች ያያል፤ ከረጢቱን ተሸክሞ ወደ ቤቱ የተመለሰ አያይም። ሁለቱም ይፈቀድለታል። ወደ ሰልፉ ጫፍ ካሜራውን በግድ ማዞር የስብከት መጀመሪያ ነው።

ሒሳቡ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል «ባዮሾክ» (እ.ኤ.አ. 2007) ጥሩ ማሳያ ነው። ተጫዋቹ የሚያገኛቸውን ትንንሽ ልጃገረዶች ገድሎ «አዳም» የተባለውን ኃይል መውሰድ፣ ወይም ማዳን ይችላል። መግደል 160 ያስገኛል፣ ማዳን 80። ምርጫው እዚያ ላይ ቢቆም በእርግጥም ይከብድ ነበር። ነገር ግን ሦስት ልጅ ያዳነ 200 ተጨምሮ በስጦታ ይመጣለታል። ሦስት የገደለ 480፣ ሦስት ያዳነ 440። ደግነት 40 ብቻ አስከፈለ፤ ከስጦታው ጋር ሌላ ነገርም ስለሚመጣ ያም አይሰማም። ሠሪዎቹ ደጉን ተጫዋች ለመካስ ሲሉ ምርጫውን ባዶ አደረጉት። ደግ የሠራን መካስ መልካም ነው፤ ክፍያው ግን በዚያው ሒሳብ፣ በዚያው ገንዘብ ሊሆን አይገባም።

በተቃራኒው «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ»ን (እ.ኤ.አ. 2013) ተመልከቱ። ሉካስ ፖፕ ብቻውን የሠራው የድንበር ኬላ ጌም ነው። በትክክል ለታየ ለእያንዳንዱ ተጓዥ 5 ይከፈላል፤ ማታ ከዚያው ላይ ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለማሞቂያ ይወጣል። በቀን ሁለት ስሕተት በማስጠንቀቂያ ይታለፋል፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ቅጣት አለ። አንድ ባል ወረቀቱ ተሟልቶ ያልፋል፤ ከኋላው ያለችው ሚስቱ የመግቢያ ፈቃድ የላትም። በዚያ ቀን በጥንቃቄ የሠራ ተጫዋች ማስጠንቀቂያውን ለእሷ ያውለዋል። ቀኑን ሲዝረከረክ የዋለ ደግሞ ለእሷ የሚያወጣው የልጁን እራት ነው። ያው ትዕይንት፣ ያው ንግግር፤ ዋጋው ግን እንደ ተጫዋቹ አዋዋል ይለያያል። ይህን በንግግር ሳጥን መጻፍ አይቻልም።

ነጥቡን አውጡት

ብዙ ጌም ምርጫን በነጥብ ይለካል፦ ደግ ከሆንክ ሰማያዊ፣ ክፉ ከሆንክ ቀይ። «ማስ ኢፌክት» በዚህ ይታወቃል። በሁለተኛው ክፍል (እ.ኤ.አ. 2010) ጠቃሚ ንግግሮች የሚከፈቱት በአንዱ ቀለም ከፍ ያለ ነጥብ ላለው ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ በመጀመሪያው ሰዓት አንዱን ቀለም ይይዝና እስከ መጨረሻው ሳያነብ ይጫነዋል። ከሠሪዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2020 እንደተናገረው ከተጫዋቾቹ 92 በመቶ ገደማ የደጉን መንገድ ነበር የያዙት። ለክፉው ወገን የተጻፈውን ያን ሁሉ ንግግርና የወጣበትን ድካም አስቡት።

ነጥብ ሌላም ጣጣ አለው፤ ይገዛል። «ፎልአውት 3» (እ.ኤ.አ. 2008) ውስጥ መንደር ያጠፋ ተጫዋች ለለማኝ ንጹሕ ውኃ እየደጋገመ በመስጠት ስሙን ያጥባል። መደመርና መቀነስ ስላለ ጥቂት ጠርሙስ ውኃ የጠፋን ነፍስ ይሸፍናል ማለት ነው። በየትኛውም መንደር ሰው እንዲህ አይታሰብም።

በይመር ጌም ነጥብ አይታይም። ውስጡ ግን የሚቆጠር ነገር መኖሩ ግድ ነው፤ ኮድ ያለ ቁጥር አያስታውስም። ለእያንዳንዱ ትልቅ ድርጊት ሦስት ነገር መመዝገብ ይበቃል፦ ምን ተደረገ፣ ማን ያውቃል፣ የሚያውቀው ሰው ምን ተሰማው። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚረሳው መካከለኛው ነው፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ጌም ውስጥ ጫካ ለብቻህ የሠራኸውን ከተማ ያለ ዘበኛ ያውቀዋል። በእኛ ጌም የፋፋውን ነገር መጀመሪያ የሚያውቀው ይመር ብቻ ነው። ሰልፉ ውስጥ መዝገቡን አጮልቃ ያየች አንዲት ሴት ካለች ሁለት ሆኑ። ወሬ በቡና ይዞራል፤ ደንቡን «የሚያውቅ ሰው በየሳምንቱ ለአንድ ለማያውቅ ይነግራል» ብንለው ከአንድ ምስክር ተነሥቶ በሦስት ሳምንት 8 ሰው ይሰማል። መንደሩ 10 ሰው ብቻ ያለው ጌም ከሆነ ይህ ፈጣን ነው፤ በሁለት ሳምንት አንዴ አድርጉት።

ስሜቱን ከ-3 እስከ +3 ባለ ልክ መያዝ በቂ ነው፤ ከዚያ ቢሰፋ ልዩነቱን በጽሑፍ ማሳየት አትችሉም። ማሳያውም አማርኛችን ራሱ ነው። ሞላ በዕድሜ ስለሚያንስ ይመርን የሚጠራው «አያ ይመር» ብሎ ነው። በሬው በተሸጠ ማግስት ሲያገኘው «ይመር፣ እንዴት አደርክ» ይላል። አያው ቀረ። ቁጣ የለ፣ ስድብ የለ። አማርኛ የሚያውቅ ተጫዋች አውራ ጣቱን ከስክሪኑ ላይ ያነሣል።

የ«ዎኪንግ ዴድ» ጌም (እ.ኤ.አ. 2012) «ክሌመንታይን ይህን ታስታውሳለች» የሚል ጽሑፍ በጥግ በኩል ያወጣ ነበር። በጊዜው ሠርቷል። ያው ጌም አራት የምግብ ቁራሽ ለተራበ ቡድን እንዲያካፍል ተጫዋቹን ያዘዘበት ትዕይንት ግን ከዚያ ጽሑፍ ይበልጣል፤ አራቱ ካለቁ በኋላ ሁሉም ፊት ለፊት ይታያሉና።

ተመልሶ የመሞከርን ነገርም አለማንሣት አይቻልም። ሴቭ አድርጎ፣ ሞክሮ፣ ካልጣመው መልሶ የሚከፍት ተጫዋች ሁልጊዜ አለ። መከልከል ያናድደዋል። የሚሻለው ውጤቱን ማዘግየት ነው፤ የመጀመሪያው «ዊቸር» (እ.ኤ.አ. 2007) የምርጫውን ፍሬ ከብዙ ሰዓት በኋላ ስለሚያመጣ ወደ ኋላ መመለስ አያዋጣም። «አንደርቴል» (እ.ኤ.አ. 2015) ደግሞ ከዚያ አልፎ፣ ገድለህ ተመልሰህ ብታድን እንኳ መጀመሪያ ምን እንዳደረግህ የሚነግርህ ገጸ ባሕርይ አለው።

የመመለሻ መንገድ

ነጥብ ከሌለ የበደለ ሰው እንዴት ይመለሳል? ከወሎ የሚወሰድ ነገር ካለ ይህ ነው። አበጋሮች የተጣላን የሚያስታርቁ፣ ደም የሚያደርቁ፣ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ ቃላቸው የሚከበር አባቶች ናቸው። ለጌም ሠሪ የሚጠቅመው የዕርቁ አካሄድ ነው፤ ደረጃ አለው፣ ደረጃውም ዋጋ አለው። የበደለው ቀርቦ ያደረገውን በሰው ፊት ይናገራል። የተበደለው ይሰማል፣ እሱም ይናገራል። ካሳ ይቆረጣል። ዱዓ ይደረጋል።

ወደ ኮድ ሲገለበጥ የመጀመሪያው ደረጃ «ማን ያውቃል» የሚለውን መዝገብ በአንድ ጊዜ ለመንደሩ ሁሉ ይከፍተዋል፤ ማለትም ይመር እስካሁን ያልታወቀበትን የፋፋ ነገር ለመናገር ቢመርጥ የማያውቁትም ያውቃሉ። ዋጋው እዚያ ላይ ነው። ካሳው ከዚያው ከጎተራው ይወጣል፤ ሌላ «የዕርቅ ሳንቲም» አትፍጠሩ። ከዱዓው በኋላ የሞላ ስሜት ወደነበረበት አይዘልም፤ ከ-3 ወደ ዜሮ ይመጣል፣ አያው የሚመለሰው በሚቀጥለው የእርሻ ወቅት አብረው ሲያርሱ ነው። በሬ ከተገኘ።

አበጋሩን እንደ ሱቅ፣ ገብተህ ከፍለህ የምትወጣበት አድርጎ መሥራት ከሁሉ የከፋ ስሕተት ይሆናል። በጌሙ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀርቡ፤ የሚቀርቡትም ሞላ ሲፈቅድ ነው።

ባህሉ የፈታውን አታጣብቁት

ስለ ወሎ ጌም ልሥራ የሚል የሩቅ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ትዕይንት ይታወቃል፦ ሠርግ አለ፣ ዘመዱ ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው፣ አንድ ሰንጋ ብቻ አለ፣ በማን እጅ ይታረድ? ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ሰዓት መቁጠሪያው ይጀምራል።

የደሴ ልጅ ይህን ሲያይ ይስቃል። ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ ሰንጋ ካነሰ በግና ዶሮ ይጨመራል፤ ማስተናገዱን የሚያውቁ ሰዎች ከመጀመሪያውም አሉ። ጥያቄው ሳይወለድ መልስ አግኝቷል። ተጫዋቹ የሚያውቀውን ሦስተኛ መንገድ ጌሙ ሳያቀርብለት ሲቀር ሸክሙ ከገጸ ባሕርይው ወርዶ ሠሪው ላይ ይወድቃል፤ «ይህን ያላሰበ ማን ነው?» ይላል። መፍትሔው ሦስተኛውን መንገድ መደበቅ ሳይሆን ማስገባትና ዋጋ መስጠት ነው። ሠርጉን ማንሣት ካስፈለገ እውነተኛው ችግር ሌላ ቦታ ነው፦ በድርቅ ዓመት ሁለት ጊዜ ማረድ የማይችል ደጋሽ ሠርጉን ያሳንሰው ወይስ ይበደር? ማን ሳይጠራ ይቅር?

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ስፔክ ኦፕስ፦ ዘ ላይን» በዚህ ነገር ይከራከሩበታል። ተጫዋቹ ነጭ ፎስፎረስ እንዲተኩስ ያደርገዋል፤ ሌላ መንገድ የለም፤ ከዚያ የተቃጠሉትን ሰላማውያን ያሳየዋል። እንደ ታሪክ ያስደነግጣል። እንደ ምርጫ ግን ምርጫ አይደለም፤ አስገድዶ መውቀስ ነው።

ቅርንጫፉ ሲበዛ

እያንዳንዱ ምርጫ ታሪኩን ለሁለት ቢከፍለው 5 ምርጫ 32 መጨረሻ፣ 10 ምርጫ 1,024፣ 20 ምርጫ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ብዙ ጀማሪ በአራተኛው ምርጫ ላይ ሥራውን የሚተወው ለዚህ ነው። ታሪኩን አትክፈሉት። ትዕይንቶቹ ለሁሉም አንድ ይሁኑ፦ ገበያ፣ እርሻ፣ ሰልፍ፣ ለቅሶ፣ አዝመራ። የሚለዋወጠው በውስጣቸው ያለው ነው። የለቅሶውን ትዕይንት ብንወስድ፣ የቅሬው ሰዎች (ሌላው አገር እድር የሚለው ነው) ተሰብስበዋል፤ ትዕይንቱ መዝገቡን ያነብና ሞላ ከይመር ጎን ይቀመጥ ወይስ ማዶ፣ እትዬ ዘሀራ ሰላም ትበለው ወይስ ፊቷን ታዙር፣ ይወስናል። ለአንድ ትዕይንት ሦስት አራት የሚቀያየሩ ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። ለግማሽ ሰዓት ጌም ከ4 እስከ 5 ከባድ ምርጫ ልክ ነው፤ ከዚያ ከበዛ ተጫዋቹ ይደነዝዛል።

መሣሪያው ቀላል ነው። ትዋይን በነፃ የሚገኝ፣ ብሮውዘር ላይ የሚሠራ፣ ኮድ ለማያውቅም የሚሆን ነው። ሥዕልና እንቅስቃሴ ለሚፈልግ ጎዶት አለ፤ እሱም ነፃ ነው። በዩኒቲ፣ በሌላው የጌም መሥሪያ፣ የሚሠራ ሰው ፊደላችን በአራት ማዕዘን ሳጥን ተተክቶ ሲያገኘው አይደንግጥ፤ ፎንቱ ሲዘጋጅ የግዕዝ ቁምፊዎች አልተካተቱም ማለት ነው። ከ300 በላይ ስለሆኑ በዝርዝር ማስገባት ያስፈልጋል።

ከፎንቱ የሚከብደው ሰዋስው ነው። እንግሊዝኛ አንድ «ሂድ» ይበቃዋል፤ እኛ ሂድ፣ ሂጂ፣ ይሂዱ አለን። ተጫዋቹ ወንድ ወይም ሴት መሆን የሚችል ከሆነ ለእሱ የሚነገረው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሦስት ጊዜ መጻፍ አለበት፤ ስም ብቻ ቀይሮ መለጠፍ «ከድጃ መጣ» የሚል ጉድ ያወጣል። በትንሽ ጌም ገጸ ባሕርይውን አንድ ሰው ማድረግ ይቀላል፤ ይመር ይመር ይሁን። አንቱታው ግን ይቆይ፤ ከአንቱ ወደ አንተ መውረድ በራሱ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ተጫዋቹ የመዝገብ ጸሐፊውን እንዴት እንደሚጠራው ይምረጥ።

የምርጫው ጽሑፍና ይመር የሚናገረው አንድ ይሁኑ። «ኤል.ኤ. ኑዋር» (እ.ኤ.አ. 2011) ውስጥ ተጫዋቹ «ተጠራጠር» የሚለውን ሲጫን መርማሪው ተነሥቶ ይጮሃል፤ ተጫዋቹ ያሰበው ቀስ ብሎ መጠየቅን ነበር። ቁልፉ ላይ «እምቢ በል» ብሎ ጽፎ ይመርን ማሳደብ ያው ነው።

ከመሥራት በፊት መሞከር

ኮድ ሳትጽፉ በወረቀትና በባቄላ ሞክሩት። አንድ ባቄላ 10 ኪሎ፤ 15 ለጎተራው፣ 6 ለዘሩ፣ ለበሬው አንድ ጠጠር። አሥር አሥራ ሁለት ሰው አጫውቱ፤ እኩሌታዎቹ ጌም የማይጫወቱ ይሁኑ። እርሻ የሚያውቅ ሽማግሌ አንድ ቢገኝ ቁጥሮቻችሁን በአምስት ደቂቃ ያርምላችኋል። የ1977ን ረሃብ ያየ ሰው ከሆነ ግን ስለምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሳያውቅ ባቄላ ይዞ እንዲቀመጥ አታድርጉ።

ሲጫወቱ አትናገሩ። የሚመዘገበው ሁለት ነገር ነው፦ ምን እንደመረጡና ለመምረጥ ምን ያህል እንደቆዩ። ከ12 ሰው 10ሩ ያንኑ በፍጥነት ከመረጠ ቁጥሩ ተዛብቷል፤ የበሬውን የሐምሌ ዋጋ ወይም የልጅቷን 50 ኪሎ በትንሹ ነካ አድርጉ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንዱን ብቻ። ግማሽ በግማሽ ተከፍለው ግን ማንም ካልቆየ ያም አይበጅም፤ ሳንቲም እየወረወሩ ነው። በኋላ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። «በሬውን ለምን ሸጥክ?» በሉ። «ልጅቷ ልትታመም ነው» ወይም «ሞላስ?» የሚል መልስ ጥሩ ነው። «የትኛው እንደሚያሸንፍ ስላላወቅኩ» ከተባለ ተጫዋቹ አሁንም የተደበቀ ነጥብ እየፈለገ ነው።

የሚጫወትበትንም ቦታ አስቡ። በስልኩ ለብቻው የሚጫወት ሰው አለ፤ ፕሌይስቴሽን ቤት በጨዋታ ወይም በሰዓት ከፍሎ፣ ከጀርባው አራት ሰው ቆሞ «ሽጠው! አትሽጠው!» እያለው የሚጫወትም አለ። እዚያ የራስ ሴቭ ብዙ ጊዜ ስለማይቆይ ከአሥር ሰዓት በኋላ የሚመጣ ውጤት አይደርስም፤ ከሰኔ እስከ ኅዳር ያለው በአንድ መቀመጫ፣ በ30 ደቂቃ ማለቅ አለበት። የሰዓት መቁጠሪያም አታስገቡ። ከጀርባ ያሉት ሲከራከሩ የሚጠፋው ደቂቃ ለጌሙ ትርፍ ነው።

ከሞካሪዎቹ አንዱ በሰኔው ገበያ ላይ ባቄላውን በእጁ ይዞ «ሞላን መጠየቅ አይቻልም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ጌማችሁ ውስጥ ያ ቁልፍ ከሌለ ሥራውን አቁሙና አስገቡት። ሞላ «እኔም ልሸጥ ሳስብ ነበር» ሊል ይችላል፤ «ዘርተን ሁለቱንም በሐምሌ እንሽጥ» ሊል ይችላል፤ ወይም ዝም ብሎ የራሱን በሬ አንገት ሊያሻሽ ይችላል። ሦስቱንም ጻፏቸው፤ የትኛው እንደሚመጣ ከዚያ በፊት ሁለቱ አብረው ስንት ቀን እንዳረሱ ይወስነው።